የትኛው ፍሬ ለማን? ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የቀረቡት ደብዳቤዎች በሙሉ ከወሎ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ «ከዚህና ከዚያ ዝርያ የትኛው ይበልጣል?» ብለው ይጀምራሉ። ለዚህ ቁጥር አለን፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን ሩቅ አያስኬድም፤ አንዱን የሚጠቅመው ሙዝ ሌላውን ሆስፒታል ያስገባል። ስለዚህ ከዝርያው ስም በፊት የሚበላው ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ፍሬውም ከዛፍ እስከ ገበታ በምን በኩል እንዳለፈ እናያለን። የምንጠቅሳቸው መጠኖች፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ ልጣጭና ዘሩ የወጣለት 100 ግራም ፍሬ የሚይዘውን በግርድፉ የሚያሳዩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ የሀገር ማንጎ አለን። ጎረቤቶቻችን አፕል ማንጎ ተክለው «ማዕድኑ ይበልጣል» እያሉ ይሸጣሉ፤ የእኛ ዋጋ ወርዷል። እውነት ይበልጣል? ደግሞ ልጆቹ የኛን ሲበሉ ከንፈራቸው ዙሪያ ይቆስላል። (ከመርሳ)

መልስ፦ ማንጎ የሚበላው ለማዕድኑ አይደለም። ፖታሲየሙ 168 ሚሊግራም፣ ካልሲየሙ 11፣ ማግኒዚየሙ 10 ነው፤ ብረቱ 0.2 ሚሊግራም አይሞላም። አፕል፣ ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስ ወይም የሀገር ቢሆን በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የሚታየው ልዩነት ለጤና የሚቆጠር አይደለም። ማዕድን ወደ ፍሬው የሚገባው ከአፈር ነው። ስለዚህ ፍግ በሚደፋበት ጓሮ ያለ አፕል ማንጎና አፈሩ በታጠበ ቁልቁለት ላይ ያለ አፕል ማንጎ እርስ በርሳቸው፣ ከሀገሩ ማንጎ ከሚለዩት በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። የዋጋው ልዩነት የመጣው አፕል ማንጎ ጥርስ ውስጥ የሚሰገሰግ ክር ስለሌለው፣ ስለሚተልቅና ጉዞ ስለሚችል ነው። ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ ማዕድን መጨመር አያስፈልገውም።

ማንጎ የሚወደድበት የራሱ ጥቅም ግን አለው። በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ቤታ ካሮቲን ውስጡ ይበልጥ ብርቱካናማ በሆነ ቁጥር፣ ፍሬውም በበሰለ ቁጥር ይጨምራል። ቫይታሚን ሲ በተቃራኒው በጥሬው ከፍ ይላል፤ ሲበስል ይቀንሳል።

የልጆቹ ከንፈር የሚቆስለው ከማንጎው ውስጥ ሳይሆን ፍሬው ከዘንጉ ሲቀነጠስ ከሚፈስሰው ፈሳሽና ከልጣጩ ነው። ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲደርቅ ልጣጩ ላይ ጥቁር መስመር ትቶ ይቀራል። ልጆች ደግሞ ልጣጩን በጥርሳቸው ይገፉታል። ስትለቅሙ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዘንግ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ከዚያ ዘንጉን አሳጥራችሁ ፍሬውን አንገቱን ወደ ታች ደፍታችሁ፣ መሬት በማይነካበት ርብራብ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አንጠፍጥፉት። እጠቡት፤ በቢላዋ ልጣችሁ ስጧቸው። ይህም ተደርጎ ቁስሉ ከተመለሰ ወይም ከንፈር ካበጠ አለርጂ ስለሆነ ማንጎ ይቅርባቸው።

ጥያቄ፦ ሙዝ በላምባ ጭስ ይበስላል ይባላል፤ ካርባይድ የሚሉም አሉ። ልጣጩ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ የላላ ሙዝም ይገጥመናል። መርዝ ነው ወይ? እንዲህ የበሰለው ማዕድኑ ይጠፋበታል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሙዝን የሚያበስለው ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ፍሬው ራሱ ያመነጨዋል። ላምባ አየር እንደልብ በማይገባበት ክፍል ሲነድም በደንብ ስለማይቃጠል ከጭሱ ጋር ኢቲሊን ይወጣል። ከአርባ ምንጭ አካባቢ በጥሬው ተጭኖ የሚመጣውን ሙዝ ነጋዴው ዝግ ክፍል አስገብቶ ላምባ የሚያነድበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚፈልገው ጋዙንና ሙቀቱን እንጂ ጭሱን አይደለም። ጥላሸቱና ሽታው ግን ልጣጩ ላይ ያርፋል። ወፍራም ልጣጭ አብዛኛውን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ችግሩ ልጣጩን የያዘው እጅ መልሶ ሙዙን መያዙ ነው። ሳይላጥ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። ውስጡ ላምባ ላምባ የሚል ከሆነ አትብሉት። ከበላተኛው ይልቅ አደጋ ላይ ያለው ክፍሉን ከፍቶ የሚገባው ሠራተኛ ነው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በሩ ተከፍቶ አየር በደንብ ሳይለዋወጥ መግባት ሕይወት ያስከፍላል።

ካርባይድ ሌላ ነገር ነው። የጋዝ ብየዳ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግራጫ ድንጋይ ሲሆን እርጥበት ሲነካው አሲቲሊን ይለቃል፤ አሲቲሊን ደግሞ የኢቲሊንን ሥራ ይሠራል። ለብየዳ የተመረተው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ዝቃጭ ስለሚኖርበት ምግብ አጠገብ መድረስ የለበትም። ምልክቱ በሙዙ ዘለላ መካከል የሚገኝ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄትና ነጭ ሽንኩርት መሳይ ሽታ ነው። «አካሉ ቢጫ ሆኖ አንገቱ አረንጓዴ ከሆነ ካርባይድ ነው» የሚባለው ማስረጃ አይሆንም፤ በንጹሕ ኢቲሊን የበሰለ ሙዝም አንገቱ መጨረሻ ላይ ነው ቢጫ የሚሆነው።

አረንጓዴ ሆኖ የላላው ደግሞ የኬሚካል ሳይሆን የሙቀት ጉዳይ ነው። ገበያችንን የሞላው የካቨንዲሽ ወገን (ድዋርፍ ካቨንዲሽ፣ ዊልያምስ፣ ግራንድ ናይን) ከ24 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲበስል ውስጡ ይለሰልሳል፤ ልጣጩ ግን አረንጓዴነቱን በሙሉ አይለቅም። በኮምቦልቻ ቀትር፣ ይልቁንም በቆቦ፣ ቆርቆሮ ሥር የተከመረ ሙዝ እንዲህ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ያለ ሥጋት ይበላል። የደሴ ችግር ተገላቢጦሹ ነው፦ ከ13 ዲግሪ በታች ያደረ ጥሬ ሙዝ ብርድ ይመታዋል፤ ልጣጩ አመድማ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ቢሞቅም በወጉ አይበስልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩት።

ቤት ውስጥ ማብሰል ለሚፈልግ ላምባም ካርባይድም አያስፈልግም። ስድስት ያህል ጥሬ ሙዝ ከአንድ በደንብ ከበሰለ ሙዝ ወይም ፖም ጋር በወረቀት ከረጢት ወይም በካርቶን አስገብታችሁ እጠፉት። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃዋል። ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት፤ ሙዙ ሲያልበው እርጥበቱ መውጫ ያጣና አንገቱ ላይ ሻጋታ ይይዛል። በየቀኑ ክፈቱና እዩት።

ማዕድኑ የትም አይሄድም። ጥሬም ሆነ ብስል፣ በጭስም ሆነ በካርቶን የበሰለ፣ 100 ግራም ሙዝ 358 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየምና 27 ሚሊግራም ማግኒዚየም አለው። የሚለወጠው ስታርቹ ነው፤ ወደ ስኳር ይሄዳል። ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለው ሙዝ ጣፈጠ እንጂ አልተበላሸም፤ ስኳር ያለበት ሰው ግን ገና ጠንከር ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ አባባ የኩላሊት ሕመም አለባቸው፤ ለግፊት ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ሐኪሙ «ፖታሲየም ቀንሱ» ብሏል። ትንሹ የሀገር ሙዝ ከትልቁ ይሻላል? ሙዙን በብርቱካን ብንተካውስ? ፍራፍሬውን ውሃ ውስጥ ብናሳድረው? (ከደሴ)

መልስ፦ ትንሹ ሙዝ የሚሻለው ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው። በግራም ሲመዘን ያው ነው፤ «የሀገር ነው» ተብሎ ሦስት ከተበላ ከአንዱ ትልቅ ይበልጣል። መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም አለው። መካከለኛ ብርቱካን 240 ገደማ ነው፤ ቀነሰ፣ ግን ዝቅተኛ አይባልም። በኩላሊት አመጋገብ በአንድ ጊዜ የሚበላው መጠን ከ200 ሚሊግራም በላይ ከያዘ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል። ብርቱካኑ ተጨምቆ ሩብ ሊትር ብርጭቆ ሲሞላ ደግሞ 500 ይጠጋል፤ ያኔ ከሙዙ በለጠ።

በቤት የሚገኙትን በ100 ግራም ከላይ ወደ ታች ብናይ፦ ተምር 656፣ አቮካዶ 485፣ ዘይቱን 417፣ ሙዝ 358፣ ሮማን 236፣ በለስ 220፣ ኮክ 190፣ ፓፓያ 182፣ ብርቱካን 181፣ ማንጎ 168፣ ሐብሐብ 112፣ አናናስ 109፣ ፖም 107። ለአባባ ከመጨረሻዎቹ ሦስቱ መምረጥ ይቀላል፦ አንድ ትንሽ ፖም፣ ወይም ሁለት ስስ ቁራጭ አናናስ፣ ወይም አንድ የሻይ ብርጭቆ የተከተፈ ሐብሐብ። ሐብሐብ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሰው ግማሹን ቁጭ ብሎ ስለሚጨርሰው አታላይ ነው። አንድ ኪሎ ከበሉ ከ1,100 ሚሊግራም በላይ ገባ ማለት ነው፤ ውሃ እንዲቀንሱ ከታዘዙም ውሃነቱ ሌላ ችግር ነው።

ከሁሉ በላይ የምንፈራላቸው ስፕሪስን ነው። 100 ግራም አቮካዶ፣ 150 ግራም ማንጎና 100 ግራም ፓፓያ የገባበት ብርጭቆ ወደ 920 ሚሊግራም ፖታሲየም ይይዛል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የቀን ጣሪያ ከ2,000 እስከ 3,000 ስለሆነ አንድ ብርጭቆ ሲሶውን ወይም ግማሹን ያህል ይወስዳል። ሽሮው፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ ገና አልተቆጠረም።

ውሃ ውስጥ ማሳደር ተልጦ ለተከተፈና ለሚቀቀል ድንች ይሠራል፤ ተከትፎ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል። ለፍራፍሬ አይሆንም። ሳይላጥ ብታሳድሩት አይወጣም፤ ተልጦ ቢያድር ጣዕሙና ቫይታሚኑ ይሄዳል።

ኢናላፕሪል በራሱ ሰውነት ፖታሲየም እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶንም እንዲሁ። ይህ ማለት ክኒኑን ጣሉ ማለት አይደለም። የደም ፖታሲየም በሐኪሙ ቀጠሮ ይለካ፤ ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ደህና የሚባለው ነው። በመጠኑ ከፍ ያለ ፖታሲየም ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ድንገተኛ የጡንቻ መዛል፣ የልብ ምት መዘበራረቅ ወይም መዝለል ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። «የግፊት ጨው» እየተባለ የሚሸጠው የጨው ምትክ በአብዛኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆነ እሳቸው ቤት አይግባ።

ይህን መልስ የሚያነቡ፣ ኩላሊታቸው ደህና የሆነ የግፊት ሕመምተኞች ሙዝና አቮካዶ እንዳያቆሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም ፖታሲየም የሚመክረው ግፊትን ስለሚቀንስ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደምሽ አንሷል ተባለች። ሮማንና ቀይ በለስ ደም ይተካል ብለው መክረውን እየገዛን ነው። ፓፓያ ደግሞ ያስወርዳል ይላሉ። የቱን እንስጣት? (ከሐይቅ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት እናታችን፤ አብሽሩ፣ መፍትሔው ቅርብ ነው። ቀለሙ ግን ደም አይደለም። ሮማን በ100 ግራም 0.3 ሚሊግራም ብረት ነው ያለው። ነፍሰ ጡር በቀን 27 ሚሊግራም ያህል ያስፈልጋታል፤ በሮማን ብቻ ይሟላ ከተባለ ዘጠኝ ኪሎ ፍሬ መፈልፈል ሊኖርባችሁ ነው። በለሱም በብረት ከሮማን አይሻልም።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሳታቋርጥ ትዋጥ። የፍራፍሬ ድርሻ ብረቱን ማስገባት ነው፦ ቫይታሚን ሲ በጤፍ፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለው ብረት በአንጀት እንዲመጠጥ ያግዛል። ለዚህ ደግሞ ውዱን ሮማን መግዛት አያስፈልግም፤ ዘይቱን ይበልጠዋል። አንድ ትንሽ ዘይቱን ከ100 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ካልተገኘ አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ቁራጭ የበሰለ ፓፓያ ከምግቡ ጋር ትብላ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ ጥቅሙ ያመልጣል። ሎሚም ጥሩ ነው፤ ወጡ ከወረደ በኋላ ይጨመቅበት፣ አብሮ ሲፈላ ቫይታሚኑ ይጠፋል።

ወሎ ላይ አስቸጋሪው ምክር ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቡናና ሻይ የብረቱን መግቢያ ስለሚዘጉ ከምግቧም ከክኒኗም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ጀበናው ከመሶቡ ጋር አብሮ እንዳይቀርብ። ክኒኑን በወተትም አትዋጥ። ሰገራዋ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው፤ አትደንግጡ።

ፓፓያን በተመለከተ ወሬው ግማሽ እውነት ነው። ጥሬና ከፊል ጥሬ ፓፓያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ይህ ወተት ማሕፀን እንዲኮማተር አድርጓል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ጥሬውን በሰላጣም ሆነ በወጥ አትብላ። ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ሲቆረጥ ወተት የማይወጣው፣ ውስጡ የለሰለሰው ግን ወተቱ ስለጠፋ አይከለከልም።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲመጣ ልጆች በለስ እየበሉ ይውላሉ። ባለፈው የአምስት ዓመቱ ልጅ አራት ቀን ሳይወጣለት ቀረ፤ ሲያምጥ ያለቅሳል። ቀዩን የበላው ደግሞ ሽንቱ ቀላ። በለስ ምን አለው? (ከውጫሌ)

መልስ፦ በማዕድን ካየነው ገበያ ላይ ካሉት ፍሬዎች ጥሩ ከሚባሉት ነው፦ ማግኒዚየሙ 85 ሚሊግራም (የሙዝ ሦስት እጥፍ)፣ ካልሲየሙ 56፣ ፖታሲየሙ 220። በነጻ ከአጥር ስለሚለቀም ይናቃል እንጂ።

ጣጣው ፍሬው ውስጥ ያሉት ጠንካራ ዘሮች ናቸው። አይፈጩም። በብዛት ሲዋጡ መጨረሻው አንጀት ላይ ተሰብስበው እንደ ጠጠር ይጠቀጠቃሉ፤ ልጁ ሲያምጥ ዘሩ ስለሚቧጭረው ያመዋል፣ ስላመመው ይይዘዋል፣ በያዘው መጠን ይጠነክራል። አንዳንዴ በጠጠሩ ዙሪያ ቀጭን ፈሳሽ እየሾለከ ሱሪው ላይ ስለሚታይ ቤተሰብ ተቅማጥ ይመስለውና የተቅማጥ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ያኔ ይብስበታል። ሁለት ቀን ካለፈ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ካስመለሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በእጅና በዘይት ቀስ ብለው ያወጡለታል። የሳሙና ውሃ እንዳትሞክሩ፤ አንጀት ያቆስላል። ሻካራ ነገር አስገብቶ መጎርጎርም እንደዚያው።

መከላከሉ ቀላል ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ይብቃው፤ ምሳውን በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ። ለትናንሾቹ ፍሬውን በወንፊት ላይ በማንኪያ እየጨቆናችሁ ዘሩን አስቀርታችሁ ጭማቂውን ስጧቸው። ማዕድኑ አብሮ ይወርዳል።

ለመላጥ፦ ፍሬውን በጭራሮ መጥረጊያ ወይም በሣር ላይ አንከባልሉት፤ ፀጉር የመሰለው ስስ እሾህ ይረግፋል። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ እሾሁ ዓይን ውስጥ ከገባ ሐኪም ቤት ያስኬዳል። በሹካ ወግታችሁ ያዙ፣ ሁለቱን ጫፍ ቁረጡ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሰንጥቁ፣ ልጣጩን በቢላዋው ጎን ወደ ግራና ቀኝ ግለጡት። ጣት ላይ የቀረውን እሾህ በጥርስ አትንቀሉ፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ላጡት።

የቀላው ሽንት የቀዩ በለስ ቀለም ነው፤ ቀይ ሥርም እንዲሁ ያደርጋል። በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። በለስ ሳይበላ ሽንቱ ከቀላ ግን መመርመር አለበት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ በታች ከቦርከና በሞተር ስበን ፓፓያና ሰላጣ እናጠጣለን። የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ፍሬያችን ይበላል? (ገበሬዎች)

መልስ፦ ከሁለቱ የምንሠጋው ለሰላጣው ነው። እርሳስ፣ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተክል ውስጥ ሲገቡ ሥርና ቅጠል ላይ ይቀራሉ፤ ወደ ፍሬ የሚደርሰው በአብዛኛው ጥቂቱ ነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ቅጠላቸው ስለሚበላ፣ በዚያ ላይ ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ የሰገራ ጀርሙም አብሮ ይመጣል። መታጠብ ከላይ ያለውን ጭቃና ጀርም ያነሣል፤ ተክሉ የጠጣውን ብረት አያወጣም።

እኛ ብንሆን ያንን ማሳ ቅጠል የሚባል ነገር አናሳየውም። ፓፓያና ማንጎ ይሁን። ውሃው በቦይ ከግንዱ ሥር ይግባ እንጂ ከላይ አይረጭ። መሬት የነካ ፓፓያ ለብቻው ይታጠብ። ውሃው ቀለም ወይም አረፋ ይዞ በሚወርድበት ቀን ሞተሩ ይጥፋ። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው አፈሩና ፍሬው ለከባድ ብረት ላቦራቶሪ ሲገባ ብቻ ነው፤ በየግላችሁ ውድ ስለሆነ በማኅበር ሆናችሁ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብርቱካን ላይ ዳይሜቶኤት የሚባል የተባይ መድኃኒት ረጭቼ ነበር። ነጋዴ መጥቶ ዛሬ ልልቀም ይላል። ታጥቦ ቢሸጥስ? (ከግራና)

መልስ፦ አይለቀም። ዳይሜቶኤት ወደ ተክሉ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ መድኃኒት ስለሆነ መታጠብም መላጥም በሙሉ አያስወግደውም። በመያዣው ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ የሚቆየው ቀን ተጽፏል፤ ለእያንዳንዱ ሰብል ይለያያል፤ ለብርቱካን የተጻፈውን ይቁጠሩ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የተሸጠልዎ ከሆነ መለያው አብሮ ስላልመጣ ቀኑንም፣ ልኩንም፣ በእርግጥ ዳይሜቶኤት መሆኑንም ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው በጠርሙስ አትግዙ የምንለው። የተረጨበትን ቀን ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ ጽፈው ዛፉ ላይ ይሰሩት፤ ነጋዴው ባለቤቱ በሌለበት ሲመጣም ይነበባል።

ጥያቄ፦ ጁስ ቤት ከፍቻለሁ። ፍሬውን በኦሞ ነው የማጥበው። አንዳንድ ደንበኞች «ታይፎይድ ያዘን» ይላሉ። የት ላይ ነው ስሕተቱ? ለስኳር ሕመምተኛስ የቱን ልስጥ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ኦሞውን ይተዉት፤ ልጣጭ ውስጥ ይሰርጋል፣ ለሆድም አይሆንም። መጀመሪያ በሚፈስ ውሃ እያሹ ጭቃውን ያስለቅቁ። ከዚያ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ በአምስት ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ፍሬውን ሁለት ደቂቃ ይንከሩ፤ በሚጠጣ ውሃ ያለቅልቁ። ጭቃው ሳይወጣ በረኪናው ውስጥ ከገባ ክሎሪኑ በጭቃው ያልቅና ጀርሙ ይተርፋል፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብጥብጡ ሲደፈርስ ይለወጥ። ማንጎም ፓፓያም ሐብሐብም ቢላጡ እንኳ ሳይቆረጡ ይታጠቡ፤ ቢላዋው ልጣጭ ላይ ያለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መፍጫው ነው። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ምላጩን ፈትተው ከሥሩ ያለውን ጎማ ቢያወጡት ግን የትናንት አቮካዶ ያገኛሉ። በየምሽቱ ይፈታ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ፈልቶ በወረደ ውሃ ይለቅለቅ፣ ተደፍቶ ይድረቅ። ሦስተኛው በረዶውና የሚጨመረው ውሃ ነው፤ በረዶ ጀርም አይገድልም። የተቆረጠ ፍሬ ፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ በጣም ሲሞቅ አንድ ሰዓት።

ለስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ ከላይ ለደሴው ጥያቄ በጠቀስነው ስፕሪስ ውስጥ ያለው ማንጎና ፓፓያ ራሱ ወደ 28 ግራም ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት ከ50 ያልፋል። ስኳር የሌለበት አቮካዶ በሎሚ በትንሽ ብርጭቆ ይስጧቸው። ከዚያ ይልቅ ፓፓያውን ሳይፈጩ ቆርጠው በሹካ ቢያቀርቡላቸው ይመረጣል፤ እያኘኩ ሲበሉት ቀስ ብሎ ይገባል፣ መጠኑም ይታያል።

አጫጭር መልሶች

*የኮክ ዘር ሰብረው ውስጡን የሚበሉ ልጆች (ከደሴ)፦* ይከልከሉ። የሚመረው ውስጡ አሚግዳሊን አለበት፤ ሲታኘክ ሲያናይድ ይለቃል። በልተው ማዞር፣ ማስመለስ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት። ሳይሰበር የተዋጠ የፖም ዘር ግን እንደገባ ይወጣል።

*ግሬፕ ፍሩት ከክኒን ጋር (ከኮምቦልቻ)፦* ሲምቫስታቲን፣ ኒፌዲፒን ወይም ፌሎዲፒን የሚወስድ ሰው አይብላው፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ እንዲከማች ያደርጋል። ጠዋት ፍሬውን፣ ማታ ክኒኑን ማድረግም አያድንም፤ ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ጣፋጭ ብርቱካንና መንደሪን ይህ ችግር የለባቸውም።

*ለማፍጠሪያ ስንት ተምር? (ከባቲ)፦* ስኳር ለሌለበት ሰው ሦስት ምንም አይለውም። አንድ መካከለኛ ተምር 5 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ትልቁ መጁል የሚባለው ግን ለብቻው 16 ስለሚደርስ ከሦስቱ ትናንሾች ጋር እኩል ነው። ስኳር ያለበት ሰው በአንድ ትንሽ ተምርና በውሃ ይፈጥር፤ ኩላሊቱም ከታመመ ከዚያች ከአንዷ አይለፍ። ሰኞ ገበያ ስትገዙ በሰፌድ የተዘረጋውን ሁለት ሦስቱን ከፍታችሁ እዩ፤ ውስጡ ላይ የጠቆረ ዱቄት ካለ ሻጋታ ስለሆነ ታጥቦ አይጸዳም።